በአራተኛው ዙር እንድትጥሉኝ ስለመጠየቅ

ለክቡር ኩን ቴራፖን
የ«ክርንና ጉልበት» ቪዲዮ ጌም አባትና የድርጅቱ የበላይ ኃላፊ
ባንኮክ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም በዚያ በቀዘቀዘ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያደባድቡ የሚውሉት ሠራተኞችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? አፍንጫዎ ደህና ነው? ጥርስዎስ? እኛ የሱሪን ከተማ ቦክሰኞች ጤና ስንጠያየቅ በየአካሉ ነውና እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። እኔ ከሁለት የፊት ጥርስና ከግራ ጉንጬ አጥንት በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ስሜ ዊቺት ይባላል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ጌም ሲወጣ በሽፋኑ ላይ ክርኑን አንስቶ የቆመው እኔ ነኝ፤ ከእግሬ ሥር የተዘረረው ደግሞ ተጋጣሚዬ ዳምሮንግ ነው። ሥዕሉን ከእውነተኛው ግጥሚያችን ነበር የወሰዳችሁት። በአራተኛው ዙር ከገመዱ አስጠግቼ በቀኝ ክርኔ ግንባሩን ከፈትኩት፤ ደሙ ዓይኑን ሲሸፍነው በጉልበቴ አገጩን አነሳሁት፤ ወደ ኋላው ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከሪንጉ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ሥራችን ይኸው ነበር፤ እሱም ቢቀድመኝ አይምረኝም ነበርና በዚህ በኩል ይቅርታ የምለምነው ሰው የለም።

አሁን ደግሞ አገር ሁሉ ሲናፍቀው የኖረውን ሁለተኛውን ክፍል በማውጣት የድሮውን ደም አድሳችሁ ስላቀረባችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁንና ጥቂት ጥቃቅን ቅሬታዎች ስላሉኝ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ግንባር በክርን ሲሰነጠቅ በእናንተ ጌም ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሐብሐብ ድምፅ ነው። ባለሙያዎችዎ ሐብሐብ ሲፈልጡ ውለው እንደቀረጹት አልጠራጠርም፤ ልፋታቸውን አደንቃለሁ። እውነተኛው ክርን ግን ብዙም ድምፅ የለውም። ቆዳው ዝም ብሎ ይከፈታል፤ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ደሙ አፍ ውስጥ ሲገባ የሰውየው ትንፋሽ ነው።

ሁለተኛ፦ በራሴ ላይ የታሰረው የተባረከ ጥምጥም ጠቡ እስኪያልቅ ሳይወልቅ ይቆያል። ያን ጥምጥም አሰልጣኝ ጸሎት አድርሶ በገዛ እጁ ሳያወልቅ ማንም የታይ ቦክሰኛ ለጠብ አይወጣም። በጥምጥሙ ስደባደብ ያዩኝ የማሠልጠኛ ካምፔ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ከጠብ በፊት ለመምህር የሚሰገደውንም ስግደት ሰው እንዳይሰለቸው በአንድ ቁልፍ እንዲታለፍ አድርጋችኋልና ለዚህም ትሕትናችሁ እጅ እነሳለሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ለመረዳት ክቡርነትዎ ዳምሮንግን ማወቅ ይኖርብዎታል። አልሞተም። ይህን የምናገረው ሠራተኞችዎ «ሟቹ» እያሉ ሲጽፉት ስላየሁ ነው።

ዳምሮንግ ከዚያ ውድቀት በኋላ አእምሮው ከግጥሚያው በፊት በነበረው ሳምንት ላይ ቆሞ ቀረ። ባለቤቱ ላምያይ ገበያ ላይ የተጠበሰ ዶሮ ስለምትሸጥ ጠዋት ጠዋት እኔ ካምፕ አምጥታ ትተወዋለች። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ «አሰልጣኝ» ነው የሚለኝ። እጁን በጨርቅ ይጠቀልልና የተንጠለጠለውን የቡጢ ከረጢት ሲደበድብ ይውላል፤ ቅዳሜ ዊቺትን ስለሚገጥም።

«አሰልጣኝ፣ ያን ዊቺት የሚሉትን በምን ልጣለው?» ይለኛል።

«ቀኙን ጠብቅ፤ ግራው እንኳን ባዶ ነው።»

«ቀኙ መብረቅ ነው ይላሉ እኮ።»

«ወሬ ነው። ሰነፍ ነው ባክህ፣ ሲሮጥ አይቼዋለሁ።»

ይህን ጊዜ ይስቃል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። እንዲህ ስንል ኖርን፤ ልጆቹም ስሜን በፊቱ አይጠሩም። ክቡር ሆይ፣ ዳምሮንግ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ተሸንፎ አያውቅም ነበር፤ ግጥሚያው ገና ነዋ።

ከዚያ እናንተ አዲሱን ጌም በሪባን ያሸበረቀ ስጦታ አድርጋችሁ ላካችሁ፤ በስሙ ስለነበረ ራሱ ቀደደው። ላምያይ ዶሮዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ቆም አለችና «ፒ፣ ይሄ ነገር ደስ አላለኝም» አለችኝ። እንደ ታላቅ ወንድም ስለምታየኝ ፒ ትለኛለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ ዳምሮንግ የጌሙን መቆጣጠሪያ ጆይስቲክ ይዞ ተቀምጧል።

«ትዝታ» ብላችሁ በሰየማችሁት ክፍል ራሱን ሆኖ ገባ፤ ከፊቱ እኔ ወጣት ሆኜ ቆሜያለሁ። ሦስቱን ዙር ቀጠቀጠኝ። ቅንድቤን ቀደደው፣ ጎኔን በጉልበት ሰበረው፣ ልጆቹም ጣራው እስኪነሳ ጮኹለት። በአራተኛው ዙር ጆይስቲኩ እጁ ላይ ሞተ። ምንም ቢጫን የእሱ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ክርኔ ዝግ ብሎ ወረደ፣ ጉልበቴ ተከተለ፣ ጭንቅላቱ ጠርዙን መታ፣ እናንተም በዚያች ላይ ሙዚቃ ለቀቃችሁባት።

«አሰልጣኝ፣ እጄን አሰሩት እኮ» አለኝ። ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞም ወደቀ። እንዲህ እየጀመረና እየወደቀ ቆይቶ ዞር አለና «ተሸነፍኩ እንዴ?» አለኝ።

ይህንን ጥያቄ ከአፉ ሳልሰማ መሞት ነበር የምመኘው።

በዚህ ላይ ሠራተኞችዎ አምና መጥተው በመብራት ከበው የቀረጹትን የአሁኑን ሽማግሌ ፊቴን አመጣችሁና «እኔ ዊቺት ነኝ፣ ያቺን ክርን ዛሬም አልረሳኋት» አስባላችሁት። ዳምሮንግ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ምን ልበለው?

የቀረውን በአጭሩ ልንገርዎ። የመጀመሪያው ክርን ጥርሶቼን ወደ ጉሮሮዬ ላካቸው። ሁለተኛው ጉንጬን ሰበረው። ጉልበቱ ሲመጣ እጆቼን ወደ ታች አድርጌ ጠበቅኩት፤ አንስቼ ብከላከል የለመደ እጄ መልሶ ይመታዋል ብዬ ፈራሁ። ወደቅኩ፤ ወድቄም አልተወኝም፣ በተረከዙ ደረቴን ይወቅጠው ጀመር። አራት ልጆች ተረባርበው ሲያነሱት ሁለቱ ደም በደም ሆኑ። ዳምሮንግ ግን ይንሰቀሰቅ ነበር፤ «አሰልጣኜ ነው ብዬ! አሰልጣኜ ነው ብዬ!» እያለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉን ረስቶ መጣ። ያበጠ ፊቴን ዳሰሰና «አሰልጣኝ፣ ማን ነው እንዲህ የቀጠቀጠህ? ንገረኝና ልድፋልህ» አለኝ። ከዚያ ቁጭ አለና ጌሙን ከፈተ።

እንግዲህ «ዕቃውን ለምን አትደብቁትም?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ጸሐፊዎም በስልክ ይህንኑ መክራኛለች፤ ብልህ ልጅ ናት፣ ያሳድጋት። የሩዝ ከረጢት ውስጥ ደበቅነው። እሱ ገበያ ወርዶ ያንኑ ፍልሚያ በስክሪን የሚያሳየውን ሱቅ አገኘና መስተዋቱን በቡጢ ሰብሮ የሁለት ጣቱን ጅማት ቆረጠ። የሱቁ ጠባቂ በብረት ዘንግ ጀርባውን ሲደልቀው ደረስኩ፤ የጠባቂውንም ትከሻ አወለቅኩት። ላምያይ የባሏን እጅ በሽርጧ ጠቅልላ «ሕልሙን እንኳ ይተዉለት፣ ምን አደረጋቸው?» አለችኝ። ይህችን ጥያቄ ለክቡርነትዎ አስተላልፋለሁ።

አራተኛ፣ ወይም ስንተኛ እንደደረስኩ እንጃ፦ የአራተኛውን ዙር ፍጻሜ እንድትለውጡ ከዚህ በፊት በትሕትና ጽፌ ነበር። ድርጅታችሁም «ደንበኞቻችን ያቺን ክርን ለአሥራ ስምንት ዓመት ስለናፈቁ ትዝታቸውን መንካት አንችልም» ብሎ በሚያምር ወረቀት መለሰልኝ። ደንበኞቻችሁ ስለናፈቁ ደስ ብሎኛል። ዳምሮንግም ለአሥራ ስምንት ዓመት ቅዳሜን ጠብቋል፤ እሱን የጠየቀ ግን የለም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአራተኛው ዙር ጆይስቲኩ በእጁ ይሥራለት። መምታት ከቻለ ይምታኝ፣ ግንባሬን ይክፈተው፣ ልዘረር፣ ዳኛው የእሱን እጅ ያንሳ፣ ሙዚቃውንም ለእሱ ልቀቁለት። የሽማግሌ ፊቴንም ከጌሙ አውጡልኝ። ፊቴን እንደፈለጋችሁ እንድታደርጉት ፈርሜላችኋለሁና መጣልም ከፈለጋችሁት ውስጥ ቢካተት ክብር ይሰማኛል።

ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለሁለተኛው ክፍል ስኬት በምትደግሱት ድግስ ላይ እኔና ዳምሮንግ ሪንግ ላይ ወጥተን «አራተኛውን ዙር በቀስታ እንድናስታውስ» የላካችሁልንን ግብዣ በደስታ ተቀብያለሁ። ይዤው እመጣለሁ። ጥምጥሙን በገዛ እጄ ከራሱ አወልቅለትና ስሜን እነግረዋለሁ። ዳምሮንግ «በቀስታ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት ያሰለጠንኩት እኔ ነኝ፣ ደህና አድርጌ ነው ያሰለጠንኩት። እጄን አላነሳም። በስክሪን ካልጣላችሁኝ እዚያው፣ በእንግዶቻችሁ ጠረጴዛ ፊት፣ ነጩ ምንጣፋችሁ ላይ እሱ ይጥለኛል፤ አሸንፌያለሁ ብሎ እስኪያምን ድረስም አልነሳም። ብሞትም እሱ ማሸነፉን አይቶ ቤቱ ይገባል።

በክቡርነትዎ ጥላ ሥር ሁለት ጊዜ ታትሞ ሁለት ጊዜ የተሸጠው፣ ለደግነትዎ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ለመነሳት የሚቸገረው፣ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ዊቺት
የታይ ቦክስ አሰልጣኝ፣ ሱሪን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሱቁ ጠብ በኋላ ጌሙን መልሰንለታል፤ የሽማግሌ ፊቴ ሳይመጣ አጠፋበታለሁ። ዳምሮንግ ጆይስቲኩ በሞተ ቁጥር «እጄን ያሰረው ማን ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። እስካሁን «አላውቅም» እል ነበር። ከሰሞኑ ግን በጌሙ ሳጥን ጀርባ ያለውን የእርስዎን ፎቶ ቆርጬ ከቡጢ ከረጢቱ ላይ ለጥፌ «እሱ ነው» እለዋለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሳም እሱን በየጠዋቱ አዲስ አድርጎ ያየዋል። በድግሱ ዕለት ከፊተኛው ረድፍ፣ ከሪንጉ ሥር እንደሚቀመጡ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል።