ቁጥሩ ለምን ወረደ?

ኅዳር 12
ሙቀት። የማሽላ ውቂያ ስለተጀመረ ከቀወት መንደሮች በአቧራው ደረቱ የታፈነ ሁሉ ወደ እኛ ክሊኒክ ነው። እትዬ ቆንጅት በባጃጅ መጡ። የቆየ አስም አለባቸው። የአየር መንገድ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ሰጠኋቸው፤ የደረታቸው ፉጨት ቀነሰ። «ቀለል አለኝ ልጄ» አሉ። ጣታቸው ላይ የሰካሁት የኦክስጅን መለኪያ ግን... 91 የነበረው ኦክስጅን 86 ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ተሽሏቸው እንዴት ይወርዳል?
ለኃላፊያችን ለሚሊዮን ነገርኩት። «መሣሪያው ነው» አለኝ።

ኅዳር 14
መሣሪያውን በራሴ ጣት ሞከርኩ። 97። ደህና ነው። ዛሬም ሁለት ሰው ላይ ቁጥሩ ወረደ።

ኅዳር 15
የነርስነት ኮሌጅ ደብተሬን አገላበጥኩ። አገኘሁት! ሳንባ አየር በማይደርስበት በኩል የደም ሥሩን ያጠብባል፤ ደሙ አየር ወዳለበት እንዲሄድ። ሳልቡታሞል የአየር መንገዱን ሲከፍት ያንን የደም ሥርም ያላላዋል። ደሙ አየር በሌለበት አልፎ ኦክስጅን ሳይዝ ይመለሳል። መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ኦክስጅናቸው ለወረደ ሰዎች ያለ ኦክስጅን ብቻውን መስጠታችን ነው።
ለሚሊዮን አሳየሁት።
«ፀደንያ፣ ያለን አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። ምጥ የጠናባት ብትመጣስ?»
እውነቱን ነው። ግን...

ኅዳር 20
እትዬ ቆንጅት ዛሬ መናገር አቅቷቸው መጡ። 84። ሚሊዮን ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፈ። «ሳልቡታሞሉን ስጪያቸውና ይሂዱ።» የሚወስዳቸው መኪና ውስጥ ኦክስጅን የለም። በዚያ ላይ የጣርማ በርን ዳገት ሊወጡ! ደህና ሰው እንኳ እዚያ አየር ያጥረዋል።
ሲሊንደሩን ከማዋለጃው ጎትቼ አወጣሁ።
«መልሺው!»
«አልመልስም።»
«ወላድ ብትመጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ!»
«አሁን የመጡት እሳቸው ናቸው።»
መኪናው በር ላይ ቆምኩ። እትዬ ቆንጅት ከውስጥ እጄን ያዙኝ፤ «በእኔ... ከሥራሽ... እንዳትወጪ...»
«እትዬ፣ አይናገሩ፤ ይተንፍሱ ብቻ።»
ሹፌሩ ጋሼ ደረጄ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ሲሊንደሩን አብረውኝ ጫኑ።
ኦክስጅኑን አስቀድሜ፣ ሳልቡታሞሉን አስከተልኩ። 93። የጣርማ በር ዋሻ ጋ 91። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ዓይኔን ከቁጥሩ አልነቀልኩም።

ኅዳር 21
የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። «ያለፈቃድ ንብረት በማውጣት...» ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር፦ «እንዲህ ያለ በሽተኛ ከመጣ ነገም አደርገዋለሁ።»
ትናንት ወላድ አልመጣችም። ብትመጣስ ኖሮ? ከዚህ ጥያቄ አልሸሽም። መልሱ ግን ሁለተኛ ሲሊንደር ነው እንጂ የእኔ ዝምታ አይደለም። ማመልከቻውን ጻፍኩ። ከሦስቱ በሽተኞች ቁጥር ጋር።

ኅዳር 28
የእትዬ ቆንጅት ልጅ ብርቱካን ደወለች። ከሆስፒታል ወጥተዋል። «እናቴ ‹ነርሷን ከሥራ አባረሯት ወይ?› እያለች ትጨቀጭቀኛለች» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 9
ጠዋት ሁለተኛው ሲሊንደር መጣ። መርፌ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ በሚሊዮን የእጅ ጽሑፍ፦ «ኦክስጅኑ ከ92 በታች ለሆነ በሽተኛ ሳልቡታሞል ከኦክስጅን ጋር ይሰጥ። ከሰጡ በኋላም ይለኩ።»
ቢሮው ገባሁ። ቀና ብሎ አላየኝም።
«ማስጠንቀቂያውስ?» አልኩት።
«ፋይልሽ ውስጥ ነው።»
«ይቀመጥ» ብዬው ወጣሁ። አምስት ሰው እየጠበቀኝ ነበር።