ዚላ በዋሻው ውስጥ መዝፈን ያቆመችበት ቀን

በርሚንግሃም፣ ከከሰል ማራገፊያው አጠገብ
ኖቬምበር 14 ቀን 1931

ለኬዚያ፣ ለእኔም ለጀልባዬም እመቤት፤

ደረትሽ እንዴት ነው? እህትሽ ዘንድ ያለው የባሕር አየር ሳልሽን ቀነስ አደረገልሽ ወይ? ይህን ስታዪ «ማን ጻፈለት?» ብለሽ ፖስታውን እንዳታገላብጪ። እኔው ነኝ፣ ኢኖክ፣ በገዛ እጄ። የማታ ትምህርት ቤታችን አስተማሪ ሚስ ፓርዶ «እንደ አንተ ቶሎ የገባው ተማሪ አላየሁም» ብላኛለች። እርግጥ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያሉት ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌና ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ከሰል ጫኝ ናቸው። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ያንቺንም ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት። ለካ የቦዩ ውሃ በር ጠባቂ ሚስት ድሮ ስታነብልኝ ቁጣሽን እያለዘበች ኖሯል። አሁን ከነትኩሱ ቀመስኩት። «ዚላን ላክልኝ። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ትምህርት ቤት እንጂ ጀልባ ላይ አትውልም። ውሃው እስኪበላት ነው የምትጠብቀው?» ብለሻል።

ብዕር ሳነሳ ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ የማክሰኞ ጉዟችንን ከጠዋት ጀምሬ እተርክልሻለሁ፣ አንቺም የልጅሽን ጉብዝና አይተሽ «በል እንግዲያው ትቆይ» ትያለሽ። ስለዚህ ስሚኝ።

ከማዕድኑ ከሰል ጭነን ስንነሳ ጉሙ የፈረሳችንን የጁኖን ጆሮ እንኳ አያሳይም ነበር። ጁኖ በቦዩ ዳር እየሄደች ጀልባዋን በገመድ ትጎትታለች፣ እኔ ጀልባዋን ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚያወርዱትን የውሃ በሮች እከፍታለሁ፣ ዚላ መሪውን ይዛለች። አንቺ እንደምትቆሚው ከጓዳው በር ውስጥ ብትቆም ዓይኗ ከጣሪያው በላይ አይወጣም። ስለዚህ ሣጥን ላይ አቆምኳት። ታዲያ ምን አለፋሽ፣ ግራና ቀኙ መዳፍ በማያስገባው በር ግድግዳ ሳትነካ ነው የምትገባው። ከእኔ ነው የወረሰችው።

በብሎን ፋብሪካው ሥር ስናልፍ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንቺ ካፒቴን፣ አባትሽን ወዴት ትወስጅዋለሽ?» አለች አንዷ።

«ገበያ። ልሸጠው» አለቻት ዚላ፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ።

«በስንት?»

«ወሬውን የምትችይው ከሆነ በነፃ ውሰጂው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን አልደብቅሽም፤ በየበሩ ውሃው ሲወርድ ጀልባዋ እንደ ጉድጓድ ወዳለው ሥፍራ አብራ ትወርዳለች፣ እኔ ከላይ ሆኜ ቆቧን ብቻ አያለሁ። ጉሙ ቆቧን ሲሸፍናት ደግሞ «ዚላ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው?» እያልኩ ሰበብ ፈጥሬ እጠራታለሁ። እሷም «አይ አባዬ፣ ሾርባ ነው» ትላለች። ያኔ እተነፍሳለሁ።

ከረጅሙ ዋሻ አፍ ስንደርስ አሞስ ቤይት ጀልባውን አስሮ ፒፓውን ያጨሳል። ያ ሽማግሌ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ምክር በነፃ ያድላል።

«ወንድሜ እየመጣ ነው» አለኝ። «ጠብቀውና ሁለት ሆናችሁ የዋሻውን ግድግዳ እየረገጣችሁ ጀልባዋን ግፉ። ልጅቷ እንደ ወጉ ፈረሷን ይዛ በኮረብታው ላይ ትሻገር።»

«ጁኖ መንገዱን ብቻዋን ታውቀዋለች» አልኩት። «ከአንተ ትሻላለች፣ ሰክራ ስለማታውቅ። እግር ደግሞ ሁለት አለኝ።»

«የአንተ አፍ ዋሻ መርገጥ ቢችል ኖሮ እስካሁን በወዲያ በኩል በወጣህ» አለኝ።

ሳቄን ለቅቄ ገባሁ። ዋሻው ውስጥ ለፈረስ መንገድ የለምና ጁኖ በኮረብታው ሄደች። እኔ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ ከፋኖሱ አጠገብ በጀርባዬ ተኝቼ ጀልባዋ እንድትሄድ ግድግዳውን በእግሬ እየገፋሁ መራመድ ጀመርኩ። ዚላ ከኋላ መሪው ላይ ነች፣ በመካከላችን የከሰሉ ቁልል። ልማዳችን አይደል፣ የሚረግጠው ወደ ኋላ ስለማያይ መሪ የያዘው ይዘፍናል። አንቺ ስንት ዓመት ዘፈንሽልኝ። ዚላም ያንቺኑ ዘፈን ያዘች። ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ብርድ አጥንት ይገባል፣ እሷ ግን እየዘፈነች ነው፤ እኔም «እንግዲህ ኬዚያ ብትሰማት» እያልኩ እረግጣለሁ።

ከዚያ የጀልባዋ ጭራ ግድግዳውን ገጨት አደረገ። ኃይለኛ አልነበረም። ዘፈኑ ግን ቆመ።

«ዚላ» አልኩ። ዋሻው «ዚላ» አለኝ።

የቀለደች መሰለኝ። የኔ ልጅ አይደለች? «ዝፈኚ እንጂ፣ ግጥሙ ጠፋሽ እንዴ?» አልኩ። ምንም። እግሬ መራመዱን አላቆመም። ካቆምኩ እውነት ይሆናል ብዬ ይመስለኛል። ጥቂት እንደዚያ ሄድኩ፣ ኬዚያ። ልጄ ስትጠፋ ግድግዳ እየረገጥኩ ሄድኩ።

በኋላ ፋኖሱን ነጥቄ በከሰሉ ላይ እየዳህኩ ሄድኩ። ጉልበቴ ተገሸለጠ፣ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ስደርስ ሣጥኑ ተገልብጧል። የመሪው ዘንግ ብቻውን ወዲያና ወዲህ ይላል። ጓዳውን ከፈትኩ፤ ምድጃው ይነዳል፣ ሰው የለም። ፋኖሱን ወደ ውሃው አዘቀዘቅሁ። ጥቁር ነው። በጀልባዋና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ታውቂዋለሽ፤ ያን ሁሉ ከሰል ተሸክማ ልጅ ብታገኝ ምን እንደምታደርግም ታውቂያለሽ። ስሟን ለመጥራት አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። እኔ፣ ኢኖክ ትራንተር፣ ድምፅ አጣሁ።

ያን ጊዜ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

ከመሪው ኋላ ነበረች። የሞተችው ፈረሳችን የቤስ ጭራ፣ አንቺ በነጭ ገመድ ጎንጉነሽ መሪው ላይ ያሰርሽው፣ በእጇ አንጓ ላይ ተጠምጥሟል፤ በእሱ ተንጠልጥላለች። ውሃው አገጯን ነክቷል። ዓይኗ ግን ክፍት ነው፣ እኔን ያያል።

ጎትቼ አወጣኋት። ልብሷን አውልቄ፣ ምድጃው ፊት በኮቴ ጠቅልዬ፣ ከንፈሯ እስኪቀላ እግሯን አሸሁ። ከዚያ ነው የተናደድኩት።

«ስጠራሽ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልጮኽሽም?»

«አባዬ፣ ቀስ ብዬ ልወጣ ነበር» አለች። «ከጮኽኩ ለእማዬ ትነግራታለህ። ከነገርካት ትወስደኛለች።»

ኮቱን እስከ አገጯ ሳብኩላት። የቀረውን ዋሻ እሷ ጓዳ ሆና እኔ ስረግጥ ወጣን። በየጥቂቱ «ዚላ» እላለሁ፣ «አለሁ» ትላለች። አንድ ጊዜ ዘግይታ መለሰችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እስካሁን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ጉብዝናዋን ልነግርሽ ነበር የጀመርኩት። ጎበዝ ናት፣ ኬዚያ። ዝም ብላ ለመሞት የሚያበቃ ጉብዝና ግን ጀልባዬ ላይ አልፈልግም።

ሐሙስ የአሞስ ሴት ልጅ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ዚላን ይዛልሽ ትመጣለች። ከባቡሩ ተቀበያት። «ለትምህርት ነው» ብያታለሁ። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ እኔን አታናግረኝም፣ ጁኖን ግን ታናግራታለች። ስለ ዋሻው እንዳልሰማሽ ሁኚ፤ ራሷ እስክትነግርሽ ጠብቂ። የማይንቀሳቀስ አልጋ እንቅልፍ ይነሳት ይሆናል፣ ጥቂት ቀን አጠገብሽ አስተኛት።

ስለ እኔ አታስቢ። ጭነት ሞልቷል። ብቻ ጁኖን ሰኮናዋን ትንሽ ስላመማት ከማክሰኞ ወዲህ ከዚህ አልተነሳንም። አሞስ መጥቶ ሰኮናዋን አንስቶ አየ፣ ቁስል ሲያጣበት ወደ እኔ ቀና አለና ምንም ሳይለኝ ሄደ። አሞስ ምንም ሳይል ሲቀር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

እህትሽ ቤት ከአንቺና ከልጅቷ አልጋ ሌላ ቦታ ይተርፋል ወይ? ለእውቀት ያህል ነው የምጠይቅሽ። ተማሪ ነኝና።

የሰማዩ ጌታ ሳልሽን ያንሳልሽ፣ ደረትሽን ያሙቅልሽ፣ ልጅሽንም ደረቅ መሬት ላይ ያቁምልሽ።

ባልሽ
ኢኖክ ትራንተር