አሳንሰሩ አጠገብ የተተከለው መሣሪያ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ለምዶ ነው እንጂ፣ አንተን ሳስብ አፌን መጉመጥመጥ ነው የሚያምረኝ።

የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያውን የምንተክልበትን ቦታ ልንመርጥ ኮረብታውን ስንወጣ፣ ከፊት የነበርከው አንተ ነህ። ጆሮህን ዐለቱ ላይ ለጥፈህ፣ «እዚህ ነው! መኪና የለ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ዛፍ የለ። ይሄ ዕቃ ጸጥታ ካላገኘ ደንቆሮ ነው» አልከኝ። ዐለቱን ፈልፍለን፣ ወለሉን በሲሚንቶ አስተካክለን፣ ክዳን አበጀንለት። ያኔ ኮርቼብህ ነበር።

ከዚያ ኃላፊ ሆንክ። «እንግዳ ኮረብታ አይወጣም» ብለህ መሣሪያውን መሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት፣ አሳንሰሩ አጠገብ አስተከልከው። «ጄኔሬተሩ ሲነሳ ትንንሹን ንዝረት ይውጠዋል» ብልህ፣ «አንቺ ደግሞ ነገር አታክብጂ» አልከኝ። በምርቃቱ ቀን ሙሉ ልብስ የለበሱ ትልልቅ ሰዎችን «ዝለሉ! ዝለሉ!» እያልክ አስዘለልክ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ብድግ ባለ ቁጥር አጨበጨብክ።

አክስታችን የደወለችልህ ጠዋት አጠገብህ ነበርኩ። ካለ እናት ያሳደገችን፣ ጡቷን ብቻ ያላጠባችን አክስታችን።

«ልጄ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠብኝ። ውጭ ነኝ» አለችህ።

ጄኔሬተሩ ይጮሃል፤ መስመሩ ዶሮ የጫረው መስሏል። ምንም አይለይም። አንተ ግን አፍህን ሞልተህ፣ «መሣሪያችን ምንም አላየም። ከባድ መኪና አልፎ ይሆናል፤ ይልቅ ብርድ ሳይመታሽ ቤትሽ ግቢ» አልካት።

«አትግቢ በላት!» ብዬ ስጮህ ስልኩን ዘግተኸዋል። ደጋግሜ ብደውል አላነሳችም። ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግድግዳው ላይዋ ላይ ወደቀ፤ ዳሌዋ ተሰበረ።

ሆስፒታል አንዴ መጣህ፣ እሱንም ፎቶ አንሺ አስከትለህ። ኮሪደሩ ላይ ለአለቆችህ፣ «አሮጊት ናት፤ አትግቢ ብያት አልሰማ አለችኝ» ስትል ዐይንህን እንኳ አላሸህም። ውሸቱን ነው አልኳቸው፤ ሳቅክ። «አይዞሽ» ብለህ የነካኸውን ትከሻዬን ቤት ገብቼ በሳሙና አጠብኩት።

ትናንት መሣሪያውን ነቅዬ ኮረብታው ላይ መለስኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። መስመሩ እንደ ረጋ ውኃ ተኛ። ወደ ማታ ላይ ስስ ንዝረት ብቅ አለች፣ ደግማ መጣች። አክስታችን ሰፈር ላሉት ደውዬ «ውጭ እደሩ» አልኳቸው፤ አደሩ።

አክስታችን ስለ እሷ ያወራኸውን አልሰማችም። «ልጄ ምነው ቀረ? ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እያለች በር በሩን ታያለች። ና። አልጋዋ ዳር ተቀመጥና፣ «የተሰበርሽው ስለሰማሽኝ ነው» በላት። እስከዚያ ግን «እህትህ» ብዬ አልፈርምልህም።

የእናትህ ልጅ