መታጠፊያው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ

ለልጄ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የቀኝ ቁርጭምጭሚትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፤ ከወገቤ በቀር የሚያስቀይመኝ የለም። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ስለዘጋሁብሽ ነው።

ባለፈው ወር፣ ለዚህ ቅዳሜው የሩጫ ውድድር ባትመጣ ይሻለኛል አልሽኝ። ይሄ ያንቺ አፍ አይደለም። የዚያ የጂም አሰልጣኝሽ አፍ ነው፤ ክብደት ሲያስነሣሽ ከርሞ አሁን ደግሞ አእምሮሽን ላሠልጥን የሚለው። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ስጮህ ትከሻሽ ይታሰራል አለሽ? ከልጅነትሽ ጀምሮ አንቺ ቀርፋፋ፣ ምን ጎለተሽ እያልኩ ያስሮጥኩሽ እኔ ነኝ። ያኔ ትከሻ አልነበረሽም? እህትሽ እንኳ በደወለች ቁጥር እሱ እንዲህ አለ፣ እሱ እንዲያ አለ ነው። ለኔ ራስ ምታትሽን የማትነግሪኝ ልጅ ለሱ ፍርሃትሽን ዘረገፍሽለት። አንጀቴ አረረ።

ሄድኩለት። ኮቴን ለብሼ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ ላፋጥጠው። ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልሞላ ጎረምሳ ነው። ብረት የሚያነሡትን አልፎ ከጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል አስገባኝ። አባባ፣ ይቀመጡ አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። እሱም ቆመ። እግሬ ሲዝል ተቀመጥኩ። ልጄ ምን አለችህ ብዬ ብጠይቀው፣ ያ የሷ ምስጢር ነው፣ አልነግርዎትም አለኝ። አባቷ እኮ ነኝ ብል ወይ ፍንክች። እዚህ ላይ ወንድ ነው፣ አልዋሽም።

ከዚያ እኔኑ ጠየቀኝ። ልጅዎ ስትቀደም እርስዎን ምን ይሰማዎታል አለኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ምን ይሰማሃል ያለኝ ሰው የለም። ምን እንደመለስኩለት እንጃ፤ ብቻ የጽዳቷ ሴትዮ ክፍሉን ሊያጸዱ ደጋግመው በሩን ከፍተው አዩንና መልሰው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ እሱ ዘንድ ብቅ እላለሁ። ምን እንደሚያስተምርሽ ልቆጣጠር ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። ያለፈውን ውድድርሽን በቪዲዮ ይከፍትልኛል። መታጠፊያው ላይ ስትደርሺ የኔ ሥራ አፌን ገጥሜ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ ማስወጣት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጮህኩ፤ ስፖርተኞቹ ብረታቸውን ጥለው ሰው ሞተ ብለው መጡ። አሁን ምላሴን ነክሼ እስከ መጨረሻው መስመር እደርሳለሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ። እሱ ፈቅዶልኝ አይደለም፣ እኔ ወስኜ ነው። መታጠፊያው ላይ አልቆምም፤ ከተመልካቹ ኋላ እቀመጣለሁ። ብትቀደሚም ድምፄን አትሰሚም።

አንድ ነገር ግን አለ። ከሱ ጋር ያለሽን ቀጠሮ ከሰኞ ወደ ረቡዕ ከሰዓት ልታዞሪ አስበሻል ብላ እህትሽ ነገረችኝ። አይሆንም። ሰኞ ምን አጠፋ? ረቡዕ ከሰዓት ተይዟል። ማን እንደያዘው አያገባሽም።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከድንጋጤ ይጠብቅልኝ። ከፊትሽ ያለው ሁሉ ከኋላሽ ይሁን።

አባትሽ