ሞላ ከስልክ አልወጣም አለ

የካቲት 5
ሽምብራው ገባ። ወገቤ ግን ዐውድማው ላይ ቀረ።
የልጄ ልጅ ዳግማዊት ለዕረፍት መጥታለች። የምትማረው ኮምፒውተር ነው። የሚካኤል ማኅበርተኞችን ስልኳ ላይ በልደት ዓመት ደርድራናለች... ታላቅ ከላይ፣ ታናሽ ከታች። በማኅበሩ ዕለት ስልኩ ሲሠራ ተቀርጾ ለአስተማሪዋ ይላካል፤ ማርኳ እሱ ላይ ነው።
ከሁሉ በላይ ማን ተቀምጧል? ሞላ። ሁለተኛ እኔ።
"በሁለት ዓመት ይበልጡዎታል፣ አባባ።"
"ማን ነገረሽ?"
"ራሳቸው።"
"ምስክር አለው?"
ሳቀች። ታላቅ ነኝ እያለ ስንት ዘመን በላዬ መረቀ!

የካቲት 7
ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ ጎረቤት ሄደች። ከስሜ ጎን "አርም" ይላል። አረምኩ። ከሞላ ስድስት ዓመት ቀድሜ ተወለድኩ። ያኔ እናቴ ገና አላገባችም... ምን ይደረግ።
ግን ወደ ላይ አልወጣሁም። እዚያው ሁለተኛ። ሰነፍ ስልክ።

የካቲት 10
ሞላ መጣ። ጠቅልሎ ወገዳ ከተማ ሊገባ ነው። ልጁ ማንአለሽ፣ ዓይንዎ ደክሟል፣ ብቻዎን አይኖሩም ብላው።
"ሂድ እንግዲህ። ምርቃቱን እኔ እይዘዋለሁ።"
"አንተ? ልጅ ይመርቃል?"
ከወጣ በኋላ ራት አላሰኘኝም። ሽምብራው ነፍቶኝ ይሆናል።

የካቲት 12
ማኅበር። ሞላ ሊሄድ ነውና ዳግማዊት ስሙን ከስልኩ ልታወጣ ተነሣች፤ ጓደኛዋ ህይወት ትቀርጻለች። ስልኩን ነካችው። "ሞላ የሚባል የለም" አለ።
ሞላ ፊት ለፊቷ ጠላ ይዟል። "ታዲያ ይህን የሚጠጣው ማነው?"
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ... የልጅቱ ማርክ ትዝ እስኪለኝ። ደግማ ነካች። የለም።
ልንገራት? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ደግሞስ... ከስልኩ ካልወጣ ላይሄድ ይችል ይሆን? እንዲህም አሰብኩ፣ ሞኙ።
በጆሮዋ ነገርኳት።
"ሰው የተወለደበትን ዓመት ይለውጣል ብዬ መች አሰብኩ፣ አባባ?"
ከዚያ ለሁሉም አስረዳች። ስልኩ ሁሉን እያየ አይፈልግም አሉ። መሐል ላይ ያለውን አይቶ፣ የምፈልገው ከዚህ ሰው ይበልጣል ወይስ ያንሳል ይላል፤ ግማሹን ይተዋል። እንዲህ እያለ እኔ ዘንድ ደረሰ። ከሞላ ታላቅ ነኝ ስለው፣ "እንግዲያ ሞላ ከዚህ በታች ነው" ብሎ ቁልቁል ወረደ። ሞላ ግን ከላዬ።
"መንገደኛ ታሳስታለህ?" አለኝ ሞላ።
መጀመሪያ እኔን አወጣችኝ፤ በእውነተኛው ዓመቴ መልሳ አስገባችኝ። ከዚያ ሞላን ነካች። ወጣ። ሁላችንም አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አልን። ማንም አልሳቀም።

የካቲት 13
ሞላ ሄደ። ዳግማዊትም በዚያው መኪና።

መጋቢት 12
ዳግማዊት ትምህርቷን አለፈች። አስተማሪዋ ቪዲዮውን ደጋግሞ አየው አሉ።
ዛሬ እኔ መረቅሁ። አስረዘምኩባቸው መሰለኝ፣ አሜናቸው እየደከመ ሄደ። ከማኅበር ስመለስ ሞላ ደወለ።
"ማን መረቀ?"
"ታላቁ።"
"ታላቁማ እዚህ ወገዳ ነው።"
"ወጥተሃል። ስልኩም አያውቅህም።"
"ምን ብለህ መረቅህ?"
ነገርኩት።
"እሱማ የኔ ምርቃት ነው። ሌባ።"
ዘጋሁበት።
መልሼ ደወልኩ።