ስብስቡ የዋጣት ልጅ እናት

ውድ እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። በትምህርት ቤት ሒሳብ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር። መምህር ሲሳሳት ዝም ማለት ስለማይሆንላቸው ስንት ጊዜ ከክፍል ተባረዋል።

ኮሌጅ እንደጨረሱ በተማሪዎች ምደባ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒውተር ነበር። እዚያም በሒሳብ የስብስብ ትምህርት ላይ የተመሠረተ፣ ያኔ አዲስ የነበረ የፕሮግራም ቋንቋ ተማሩ። ሌሎች ማሽኑ የሚሠራውን አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ፣ እሳቸው “የዚህ ስብስብ አባል የሆነ፣ ይህንንም የሚያሟላ ሁሉ” ብለው በአንድ መስመር ይገላገሉት ነበር። ቋንቋው ቀርፋፋ ነው ያለ ሰው ከእሳቸው ጋር አበቃለት። ባልደረቦቻቸውም “ወይዘሮ ስብስብ” አሏቸው።

የማሽኑን ማቀዝቀዣ ሊጠግኑ ከመጡት ኤሌክትሪሽያን ጋር ተጋብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው እራት ምን አለ ብለው ሲጠይቁ፣ “ቤት ውስጥ ያለ፣ የሚበላ፣ ያልተበላ ሁሉ” ይሏቸው ነበር።

አንድ ዓመት ግን ጉድ ፈላ። ስብስብ አንድን ነገር ሁለቴ አይዝም። እህታችን ተፈታኞችን በሙሉ ስምና በትውልድ ዓመት ብቻ አስገብተው ኖሮ፣ ስማቸውም ዕድሜያቸውም አንድ የሆነ ሁለት ልጃገረዶች እንደ አንድ ሰው ተቆጠሩ። አንደኛዋ ኮሌጅ ተመደበች፤ ሌላዋ ሜዳ ላይ ቀረች። ይህች ልጅ ወላጆቿ ሞተውባት ነበር፤ ከተማሪዎች ማደሪያ ሌላ የምትገባበት ቤት አልነበራትም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ጸሐፊ “ስምሽ የለም” ብሎ ሲመልሳት እህታችን ሰምተው ወጡ። በሰው ሁሉ ፊት፣ “አለሽ፣ ልጄ። ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ” አሏት። ቦታው ሞልቶ ስለነበር እስከሚቀጥለው ዓመት ብለው እጇን ይዘው ቤት አመጧት፤ በዚያው ቀረች።

ተምራ መሐንዲስ ሆነች። ሆኖም “እትዬ” እንጂ “እማዬ” ብላቸው አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ “እኔ እዚህ ያደግኩ ነኝ” ትላለች። እህታችን ይህን በሰሙ ቁጥር ይከፋቸው ነበር፤ አፍ አውጥተው ግን አንድም ቀን አልተናገሩም።

ያ ቋንቋ በፈጣኖቹ ተተክቶ ማሽኑ በጭነት መኪና ተወሰደ። እህታችንም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ አስተማሩ። ከዚያ ያ ክፉ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። የእኔ የወንድማቸው ስም ጠፋባቸው፤ ከልጆቻቸው ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ ተምታታባቸው። በመጨረሻው ሰሞን ነርሷ ስለ ልጆቻቸው ስትጠይቃቸው፣ “ወንዶቹስ ቀላል ነበሩ። የሴቷ ምጥ ግን ሊገድለኝ ነበር” አሏት። ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ ሰማች። አላረመቻቸውም። ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እህታችን በ75 ዓመታቸው ትናንት ረፋድ ላይ ተለዩን፤ አንጀታችን ቆስሏል። አምላክ ነፍሳቸውን ከሚወዳቸው መካከል ያኑርልን። ለባለቤታቸውም ብርታት ይስጥልን።

ይህን ከማሳተማችን በፊት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት ያሳደጓት ብለን እንጻፍ ወይ ብለን ልጅቷን ጠየቅናት። “እማዬ ለነርሷ የነገረቻትን ጻፉ” አለችን።

እህታችን የሦስት ልጆች እናት ነበሩ።