የአማቴ ሦስት ጥርስና ያልታጠበችው ኩባያ

ሰኞ፣ የካቲት 4

የኮምፒውተር ሜሞሪ ስቆጥብ ዋልኩ። ለጥርስ ክሊኒኩ ደንበኞች መልእክት የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ለሺህ ሰው ሺህ አዲስ ጽሑፍ ይፈጥር ነበር። ብክነት ነው። አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲጠቀም፣ በአሮጌው ላይ አዲሱን እንዲደርብ አደረግኩት። ፈጠነ። ራሴን አመሰገንኩ... ሌላ ማን ያመሰግነኛል?

ቤትም ያው ነኝ። አንዲት ኩባያ አለችኝ፤ ሻዩም፣ ወተቱም፣ ሾርባውም በተራ ይገባባታል። ሚስቴ "በመሃል ትታጠባለች?" ትላለች። ቆጣቢ ሰው ጠላት አያጣም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ሻዩ ሾርባ ሾርባ አለኝ። ጠጣሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

አማቴ እህል ሳይቀምሱ ክሊኒክ ሄዱ። ለምን? መልእክት ደርሷቸው። "ጥርስዎ ጤነኛ ነው። ሦስቱም ይነቀላሉ፤ ሳይበሉ ይምጡ።" ሐኪሙ ምንም የሚነቀል አጣ። አማቴ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ ንገረኝና ልሰናበታቸው።"

ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው መልእክት ረጅም ነው፤ የእሳቸው አጭር። አጭሩ የረጅሙን ራስ ሸፈነ፣ ጅራቱ ቀረ። ይኸውላችሁ ሾርባዬ...

ሐሙስ፣ የካቲት 7

አለቃዬ አስጠሩኝ።

"ስንት ሰው ሊያስነቅል መጣ?"

"አሥራ አንድ።"

"ስንቱ ተነቀለ?"

"አንድም የለም።"

"እስከ ነገ ካላስተካከልክ አንተ ትነቀላለህ።"

በእልህ ሁሉን ነገር አዲስ አደረግኩት። አንዲት ፊደል በተጨመረች ቁጥር አዲስ ጽሑፍ ይፈጠራል። ኮምፒውተሩ ማቃሰት ጀመረ። ምሳ በልቼ ስመለስ ገና አርባኛው ደንበኛ ላይ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ። ስወጣ ስድስት አዲስ ኩባያ ገዛሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ሚስቴ ኩባያዎቹን አየች።

"አንተ ሰውዬ፣ ማን አዲስ ግዛ አለህ? አጥበህ ጠጣበት ነው ያልኩህ።"

ቁርሴን ትቼ ወደ ቢሮ በረርኩ። ጽሑፉ ያው አንዱ ይሁን፤ ግን በእያንዳንዱ ሰው መሃል ባዶ ይደረግ። ጽሑፉን ለኋላ ይዞ ለሚቆይ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ብቻ የራሱ አዲስ ቅጂ ይሰጠው። በቃ። አለቃዬ መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ።

"ለጊዜው አትነቀልም።"

እሑድ፣ የካቲት 10

አማቴ መጡ። ሻይ በአዲስ ኩባያ አቀረብኩላቸው፤ እኔ በዚያችው በአሮጌዋ፣ ታጥባ። ሻዩ ሻይ ሻይ አለኝ። ለካ እንዲህ ነው ጣዕሙ?

"ሦስቱ እንደሚነቀሉ ለጎረቤት ሁሉ ነግሬያለሁ" አሉ። "አሁን በምን አፌ ልሳቅ?"

ኩባያቸውን ተቀብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አጠብኩ።